ናይሮቢ ቲያትር ቤት ብድግ ያልኩ ዕለት

እኔ የደሴ ሰው ነኝ፤ ሽማግሌ ሲገባ ቁጭ ብዬ አላውቅም። በቀደም ናይሮቢ እህቴን ልጠይቅ ሄጄ መሃል ከተማ ቲያትር ጋበዘችኝ። ቲያትሩ በስዋሂሊ ነው፤ ታሪኩ ልጆቹ ስለናቁት አንድ አባት መሆኑን እህቴ በጆሮዬ ነገረችኝ።

መሃል ላይ ጢማቸው የነጣ አዛውንት ከዘራ ተደግፈው በተመልካቹ በር ገቡና ወደኛ መጡ። ቦታ ያጡ ተመልካች መሰሉኝ። ብድግ ብዬ "ኖር!" አልኩና ወንበሬን ለቀቅኩላቸው።

እህቴ ኮቴን ጎትታ፣ "ጋሼ፣ ፕሊስ ተቀመጥ! አክተር ነው!" አለችኝ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፤ እኔን ላብ አጠመቀኝ። ግን ለሽማግሌ ተነስቼ መልሼ ልቀመጥ? ታዲያ የአባቴ ልጅ ምኑን ሆንኩት! ደረቴን ነፍቼ ቆምኩ።

አዛውንቱ ወንበሬ ላይ ተቀመጡ። ቀና ብለው አዩኝና ጥርት ባለ አማርኛ፣ "በእግዜር፣ ልጄ!" አሉኝ።

ቲያትሩ አልቆ ወንበሬ ላይ ተመልሼ እንደተቀመጥኩ፣ ጢማቸውን ነቅለው በእጃቸው ይዘው ሊያመሰግኑኝ መጡ። ለካ እዚያው ናይሮቢ የተወለደ የኛው ሰው ልጅ ነው፤ ዕድሜው ከመጨረሻ ልጄ አይበልጥም።

ለእሱም ብድግ አልኩለት።