አክስቴና የጠፋችው ነጥብ

እኛ ቤት አክስቴ «ሰማይ ቤት» ነበር የምትባለው። ስሙን ያወጣላት አባቴ ነው። እሱ በቀለደ ቁጥር ሁላችንም እንስቃለን፤ ሄዶ የሚጠይቃት ግን የለም። ተራራው ሩቅ ነው እንላለን። በአውቶቡስ አራት ሰዓት፣ ሩቅስ ሩቅ ነው፤ ለሠርግ ግን ከዚያ የባሰ መንገድ ሄደናል።

ተራራው ላይ ባለው የከዋክብት መመልከቻ ጣቢያ ሥራዋ ፎቶ ማየት ነበር። አንድን የሰማይ ክፍል በተለያየ ሰዓት የሚያሳዩ ሁለት ፎቶዎች ማሽን ላይ ታስቀምጥና እያፈራረቀች ታያለች። ከዋክብቱ ንቅንቅ አይሉም። ቦታዋን የቀየረች ነጥብ ካለች እሷ ኮከብ አይደለችም፤ ፀሐይን የምትዞር ድንጋይ ናት። ሃያ ስድስት ዓመት፣ ሁለት ሹራብ ደርባ፣ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ብቻዋን። የሌሊት ሠራተኞቹ ሲተኙ ትገባለች፣ ሲነሱ ትወጣለች። ምሳዋንም እዚያው ማሽኑ አጠገብ ትበላለች።

አንድ ጊዜ ማንም ያልመዘገባትን ነጥብ አገኘች። የሌሊት ሠራተኞቹም ሁለት ሌሊት ተከታተሏት። መንገዷ በትክክል እንዲታወቅ ሦስተኛ ሌሊት ያስፈልግ ነበር፤ አለቃዋም ለዚያች ሌሊት ቴሌስኮፑን ለእሷ ፈቀደላት። ከተሳካ ለነጥቧ ስም የምታወጣላት አክስቴ ነበረች።

የዚያን ቀን ጠዋት ደወልኩላት። እናቴ፣ ማለትም ታናሽ እህቷ፣ ለሐሞት ጠጠር ቀዶ ጥገና ክፍል ገብታ ነበር፤ አባቴም ለሥራ ርቆ ሄዷል። ኮሪደሩ ላይ ብቻዬን መቀመጥ ፈራሁና «እናቴ ልትሞት ነው፤ ነይ» አልኳት። ዋሸሁ። ማታ ስትደርስ እናቴ ትራስ ተደግፋ ሾርባ ትጠጣለች። አክስቴ ሳህኑን አጠበች፣ ሦስት ቀን አስታመመችና ተመለሰች። እዚያ ስትደርስ ሰማዩ በደመና ተዘግቷል። ደመናው ሲገለጥ ነጥቧ ርቃ ሄዳለች፤ መንገዷ ስላልታወቀም የት እንደምትፈለግ የሚያውቅ አልነበረም።

እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ አሥራ ሁለት ዓመት ዝም አልኩ።

ባለፈው ወር ጡረታ ስትወጣ ዕቃዋን ላግዛት ሄድኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ መሄዴ ነው፤ አያሳፍርም? ጠረጴዛዋ ላይ ደብዳቤ ነበር። ሌላ አገር ያለ ጣቢያ ነጥቧን አግኝቷታል፤ መንገዷን ወደ ኋላ ሲያሰሉት አክስቴ በሁለቱ ሌሊቶች ያየቻት ቦታ ላይ አረፈ። ስም ያወጡላት ግን እነሱ ናቸው። አክስቴ ደብዳቤውን አነበበችልኝ፣ ከልቧ ደስ ብሏት።

«አልጠፋችም እኮ» አለች።

እኔ አለቀስኩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔው ንጋት ግን በጣም ዘገየ። ያኔ መዋሸቴን ነገርኳት።

«አውቃለሁ» አለች ሹራቦቿን እያጠፈች። «ከመነሳቴ በፊት ሆስፒታሉ ደውዬ ነበር። እህትሽ ደህና ናት፣ ነቅታለች አለችኝ ነርሷ።»

ታዲያ ለምን መጣሽ አልኳት።

«እዚህ ከወጣሁ ጀምሮ ነይ ያለኝ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ።»

ከዚያ የካርቶኑን ሌላ ጫፍ እንድይዝላት ጠየቀችኝ።