በግማሽ የተዘጋው ቫልቭ

ጋሽ ፓምፕ ይሉታል፤ እውነተኛ ስሙን ሚስቱም የረሳችው ይመስላል። ሃያ ሁለት ዓመት የውሃ ጣቢያውን ፓምፕ ሲያንቀሳቅስ ኖሯል። ሥራውን ያስረከበው ሽማግሌ የመውጫውን ቫልቭ በግማሽ ዘግቶ፣ "ቱቦው አርጅቷል፤ ከዚህ በላይ ከከፈትከው ይፈነዳል" ብሎት ነበር። እሱም መዘውሩ ላይ ቀይ ምልክት ቀባ። ከዚያች ምልክት ፈቀቅ ያደረገበትን ሰው ዓይንህን ላፈር ይለዋል፤ ደግሞ እንዴት ያለ ኩራት መሰላችሁ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ቱቦው በአዲስ ሲቀየር ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆሞ ያሠራው ራሱ ነው። ቫልቩን መክፈት ግን በሐሳቡም አልመጣለትም።

ለጣቢያው በቀን የሚመደበው መብራት ሲያልቅ ፓምፑ ይቆማል። ያን ጊዜ የታችኛው ሠፈር ሲረካ የላይኛው ጉሮሮው እንደደረቀ ይቀራል። አንዲት ልጁ ቱቦው በተቀየረበት ዓመት ያገባችው ላይኛው ሠፈር ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየቀኑ ሁለት ጀሪካን ተሸክማ ዳገቱን ወጣች። በሁለተኛው ዓመት የአምስት ወር ፅንስ ጨነገፈባት፤ ከዚያ ወዲህ አላረገዘችም።

"ምን ላድርግ ልጄ፣ መብራቱ አይበቃ" ይላታል። ታምነዋለች። ከእሷ እምነት በቀር በዕድሜው ያፈራው ነገር አልነበረም።

ዘንድሮ ጣቢያው በፀሐይ ኃይል ይሠራል ተባለና አንዲት መሐንዲስ መጣች። የፀሐይ ሰሌዳዎቹን ከማስተከሏ በፊት ግፊቱን ስትለካ ቫልቩ ዘንድ ቆመች።

"ጋሼ፣ ይኼ ለምንድን ነው የተዘጋው?"

"ቱቦው እንዳይፈነዳ ነዋ።"

"ቱቦው እኮ አዲስ ነው። ፓምፑ ግማሽ ጉልበቱን የሚጨርሰው ከዚህ ጋር ሲታገል ነው። እንዲህ ከተውነው የፀሐዩንም ይበላዋል።"

ከፈተችው። ምንም አልፈነዳም። ገና አንድ ሰሌዳ ሳይተከል፣ በዚያው በማይበቃው መብራት፣ የላይኛው ሠፈር ቧንቧ ፈሰሰ።

"ለሰው ባትነግሪብኝ" አላት፣ ላብ አጥምቆት።

"ሪፖርቱ ላይ መጻፍ አለብኝ፣ ጋሼ።"

የፀሐይ ኃይሉ በተመረቀ ዕለት የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ ሪፖርቱን በድምፅ ማጉያ አነበበው። መሃል ላይ ቀና ብሎ፣ "ጋሽ ፓምፕ ዘጠኝ ዓመት ውሃችንን አንቆ ይዞ ኖሯል!" አለና ሳቀ። ሕዝቡም ተንከተከተ። ልጁ አልሳቀችም። እሱ ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር።

በማግስቱ ቤቷ ሄደ። ደጃፉ ላይ ቆማለች፤ ከኋላዋ ቧንቧው ይንፎለፎላል። ይቅርታ ሊል አፉን ሲከፍት ሁለት ባዶ ጀሪካን አስጨበጠችው።

"ከታች ሞልተህ አምጣ።"

"ቧንቧው እየፈሰሰ?"

"አዎ፣ አባዬ።"

ወረደና ሞላ። ሦስት ቦታ አርፎ ወጣ። ተቀበለችው፤ ሁለቱንም ደጃፉ ካለው ቦይ ደፋችና ባዶዎቹን መለሰችለት።

"ይኼ የመጀመሪያው ዓመት የመጀመሪያ ቀን ነው" አለችው። "ውረድ።"