ጅቡ ሳይለቅ የተባለ ይቅርታ

ልጅ ሳለሁ፣ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መሀል፣ ኦክላንድ ውስጥ ያለ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ኃላፊ እናቴን «ሻሽሽን ካላወለቅሽ ከሰኞ ጀምሮ እንዳትመጪ» ብላ በደለቻት። ነገሬን ከበዳይዋ የጀመርኩት እትዬ ዘሐራ እንዲያ ስላስለመዱን ነው። «ማን ማንን በደለ? መጀመሪያ እሱን! አየሩንና ጤናውን በኋላ ታወሩታላችሁ» ይሉ ነበር።

እትዬ ዘሐራ እንደ እኛው የወሎ ሰው ናቸው፤ ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ይኖሩ ነበር። ቀን ቀን ሳን ሆዜ ባለች ትንሽ ቢሮ ይሠራሉ፤ ሙስሊም በመሆናቸው ከሥራ የተባረሩ፣ ቤት ኪራይ የተከለከሉ ሰዎችን ይዘው ሄደው አለቆቻቸው ፊት ይቀመጣሉ። ሲመሽ ደግሞ ፓርኪንጉ ጥግ ከሰል አያይዘው በቆሎ ይጠብሳሉ። ያኔ እኛ የግቢው ልጆች፣ ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለን፣ ፊታችን በፍሙ እየሞቀ ጀርባችን ከባሕሩ በሚመጣው ንፋስ እየቀዘቀዘ፣ በአንዲቷ የፓርኪንግ መብራት ሥር ከበናቸው ተረት እንለምን ነበር።

እናቴ ያ ቃል የተነገራት ሰሞን ግን ተረቱም አልጣመኝም። ከእሷ ደመወዝ ሌላ ቤታችን የሚገባ ነገር አልነበረም። እትዬ ዘሐራ ከኃላፊዋ ጋር ቀጠሮ ያዙላት፤ በቀጠሮው ዋዜማ እናቴም ወርዳ ከእኛ ጋር ተቀመጠች።

«ጅብ የአህያን እግር ነከሰ» ብለው ጀመሩ እትዬ ዘሐራ። አህያዋ ስትጮኽ አያ ጅቦ ጥርሱን ሳያላላ «እመት አህያ፣ ቅር ብሎሽ ከሆነ አዝናለሁ» አላት። አህያዋ ጨዋ ቤት ያደገች ናትና፣ ይቅርታ የጠየቀን ማሳፈር ነውር መስሏት «አፉ ብያለሁ» አለች፤ በእኛ አገር ወግ ይቅር ብያለሁ ማለቷ ነው።

«ከዚያስ?» አልን።

«ከዚያማ ታረቁ። ጅቡም ቂም እንዳልያዘችበት ሲያውቅ በሰላም በላት።»

ልጆቹ ተንከተከቱ። እናቴ አልሳቀችም። «እትዬ፣ ልጆቹን አያስፈራሩብን እንጂ።»

«ማስፈራራት የፈለግኩት ልጆቹን መች ሆነና፤ አንቺን ነው» አሉ በቆሎውን እያገላበጡ።

በማግስቱ የሚይዘኝ ሰው ስለጠፋ እኔንም ወደ መጦሪያው ይዘውኝ ሄዱ። እትዬ ዘሐራ ጉዳዩን እንደ ልማዳቸው ከበዳይዋ ጀምረው አስረዱ፤ ሕጉ ከማን ጋር እንደቆመም ተናገሩ። ኃላፊዋ ጥርሷን ብልጭ አድርጋ እናቴን «ቅር ብሎሽ ከሆነ ሶሪ» አለቻት። ስለ ሻሹ አንድ ቃል የለም። እናቴ ከዚያ ሁሉ እንግሊዝኛ የያዘችው «ሶሪ»ን ብቻ ነበር፤ ሽማግሌ ፊት እንደሚደረገው ብድግ ብላ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ «አፉ ብያለሁ» አለች።

ኃላፊዋ ቃሉ ባይገባትም ሁኔታው ገባት፤ ነገሩ አለቀ ብላ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች። እትዬ ዘሐራን አየኋቸው። እሳቸው ግን እናቴን ነው የሚያዩት። የመጨረሻውን ቃል ተበዳይ ራሱ ይናገር የሚል ደንብ ነበራቸው፤ ያኔ በደንባቸው እንዴት እንደተናደድኩ! የትናንቱ ጭስ አፍንጫዬ ውስጥ ያለ መሰለኝ። የእናቴን ቀሚስ ጎተትኩና «ማሚ፣ ጅቡ ስቲል ይዞሻል፣ አልለቀቀሽም!» አልኩ።

እናቴ ጉልበቷ እስኪደክም ድረስ እዚያው መጦሪያ ሠርታ ነው ጡረታ የወጣችው፤ ሻሿን እንዳሰረች። እኔም ማንም ሳያስተምረኝ ከላይብረሪ እየተዋስኩ ስለ መብት የተጻፈ ብዙ ነገር አነበብኩ፤ አብዛኛው ደራሲ አየሩንና ጤናውን ሳይጨርስ መጽሐፉ ያልቅበታል። ዛሬም አንዱ «ይቅር ካልሽ ተሸነፍሽ» ይለኛል፤ ሌላው «ከተሟገትሽ ቂመኛ ነሽ» ይለኛል። እናቴን አያውቋትማ! ያን ቀን ቀሚሷን ስጎትታት ተመልሳ ቁጭ አለች። ሻሿን ጠበቅ አደረገች፤ ኃላፊዋን ዓይን ዓይኗን እያየች፣ እትዬ ዘሐራ እንዲተረጉሙላት ቀስ ብላ፣ እንዲህ አለቻት፦

«አፉ ያልኩትን ብያለሁ፤ አልመልሰውም። ሻሼ ግን ከራሴ አይወርድም፤ ሰኞ ጠዋት ከነሻሼ እመጣለሁ።»