የአክስቴን ቤት በባትሪ ያየንበት ቅዳሜ

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር

መናኸሪያው ገና እየነቃ ነው። የጨንቻው ሚኒባስ እስኪሞላ የኋላ ወንበር ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። በፌስታል ሙዝና ስኳር ይዣለሁ፤ በቀሚሴ ኪስ ደግሞ የጣት ያህል የእጅ ባትሪ። ለጉዞው ብዬ የያዝኳት አይደለችም፣ ከኪሴ አትወጣም። የምሠራው ዓሣ ቤት ነው። ዓሣውን ገፍፌ ሥጋውን ከሥር ሳበራበት የቀረች ቀጭን አጥንት ጥቁር ሆና ትታየኛለች።

የምሄደው ከዶርዜ አለፍ ብሎ ወደምትኖረው አክስቴ ወርቅነሽ ነው። ቤቷ ሟች ባሏ እንደ ቅርጫት የሠራው የቀርከሃ ቤት ነው። መሬቱ ምስጥ ሲይዝ እንዲህ ያለ ቤት አይፈርስም፤ ሰው ተሰብስቦ እንዳለ አንስቶ ወደ ሌላ ቦታ ይወስደዋል። ልጇ ታደለ ግን ሐሙስ ደወለልኝ።

"ቤቱ አልቋል፤ ካልተነሳ እናፈርሰዋለን። እማዬ እኔ ጋ፣ ቆርቆሮ ቤት ትገባለች። አንቺን ትሰማለች፣ ነይና አጽናኛት።"

እሺ አልኩ። እምቢ ማለት አይሆንልኝም።

1 ሰዓት ተኩል፣ ዳገቱ ላይ

አስፋልቱን ትተን ወደ ግራ ታጠፍን። የሙዙ እርሻ ከታች ቀረ፤ አባያ ቡናማ ውሃውን ዘርግቶ ከኋላችን ይታያል። አጠገቤ የተቀመጠች የጥጥ ነጋዴ ጉትቻዋ ወድቆባት ስታጎነብስ ባትሪዬን አብርቼ ከወንበር ሥር አወጣሁላት። "ተባረኪ" ብላ ግማሽ ዳቦዋን ሰጠችኝ።

ትንሽ እንደሄድን ከመኪናው አፍንጫ እንፋሎት ወጣ። ሾፌሩ ወርዶ ክዳኑን ከፈተ።

"ከሥር ጨለማ ነው። ስልኬ ሞቷል፣ ባትሪ ያለው ሰው አለ?"

በኪሴ ውስጥ ባትሪዋን ጨበጥኳት። ያ ሁሉ ሰው ዞሮ ሊያየኝ ነው።

"ይቺ ልጅ አላት" አለች ጥጥ ነጋዴዋ። "የተዘጋው አፏ ነው እንጂ ኪሷ አይደለም።"

ሰው ሳቀ። የላላ ቱቦ ኖሯል፤ ሾፌሩ አጥብቆ ውሃ ጨመረበት። ባትሪዬን ሲመልስ "እህቴ፣ ሽጭልኝ" አለኝ።

"አይሸጥም።"

"ለካ ትናገራለች" አለና ሞተሩን አስነሳ።

3 ሰዓት ተኩል፣ አክስቴ ግቢ

ጉም ነው፤ እንሰቱ ጫፍ ላይ ውሃ ይንጠባጠባል። ሠላሳ ያህል ወንዶች ጋቢያቸውን ተከናንበው በቤቱ ዙሪያ ቆመዋል። ልጅ ሆኜ በዚህ በር ቆሜ እገባ ነበር። ምስጡ ከሥር በበላ ቁጥር እየተቆረጠ ቤቱ ዝቅ ብሏል፤ አሁን በጣም ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል።

አክስቴ ጉንጬን ሳመችኝና እጄን ይዛ አልለቅ አለች።

"ልታጽናኚኝ ነው የጠሩሽ፣ አውቄአለሁ። ይህን ቤት ካፈረሱት ባሌን ሁለት ጊዜ መቅበሬ ነው።"

ቤት የማንሳት ነገር የሚያውቁት ጋሽ ማርቆስ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ከውጭ በዱላቸው ነካ ሲያደርጉት ቀርከሃው እንደ ዱቄት ረገፈ። ታደለ የማፍረሻ ማጭዱን እንደያዘ ወደ እናቱ አየ።

"ውስጡን ሳላይ አልፈርድም" አሉ ጋሽ ማርቆስ። ገብተው ግን ወዲያው ወጡ። "ቀን ነው ሲሉኝ ሌሊት ነው። እሳት ይዤ እንዳልገባ ሣሩ ይያዛል።"

ባትሪዬን አወጣሁ። አንዱ ጎረምሳ "የቆላ ልጅ ፀሐይ በኪሷ ይዛ መጣች" ብሎ አሳቀብኝ። ጋሽ ማርቆስ ግን "ነይ፣ አብሪልኝ" ብለው ገቡ፤ ተከተልኳቸው።

ምድጃው ዙሪያ ያለው ቀርከሃ የስንት ዓመት ጭስ ጠጥቶ ቀይ ጥቁር ሆኗል፤ በጥፍራቸው ሲመቱት ይጮኻል። "ድንጋይ ነው" አሉ፤ ሁሉን ዞረው ያዩ ያህል ደስ ብሏቸው ወደ በሩ ሄዱ። ውጭ ሆነው "ይነሳል" ሲሉ ሰማሁ። አክስቴ እልል አለች።

እኔ ወደ ኋላ፣ ድሮ ጥጃ ይታሰርበት ወደነበረው ጥግ አበራሁ። እዚያ ጭስ አይደርስም። የምስጥ አፈር እንደ ሥር ተሰራጭቶ እስከ ደረቴ ወጥቷል። በጣቴ ጫን ስለው ጣቴ ገባ።

ቆምኩ። ውጭ አክስቴ ትስቃለች። ብናገር ቤቱን ያፈርሱባታል፤ ዝም ብል በዚህ ጎን የሚሸከሙት ሰዎች ላይ ይወድቃል። ወጣሁና "ጋሽ ማርቆስ" አልኩ። ድምፄ አልተሰማም። ደግሜ ጮክ ብዬ ጠራኋቸው፤ ሁሉም ዞረ።

"የጥጃው ጥግ በስብሷል። እስከዚህ ድረስ" ብዬ ደረቴን አሳየሁ።

የአክስቴ ሳቅ ቆመ። ላያት አልቻልኩም።

ሽማግሌው ተመልሰው ገቡ፤ አበራሁላቸው። ብዙ ቆዩ።

"ቤቱ ሲነሳ እዚህ አራት ሰው ይቆም ነበር" አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ወደ ውጭ "ታደለ፣ ማጭድህን ተውና አዲስ ቀርከሃ ሰንጥቅ። ቃጫም አምጣ" ብለው ተጣሩ። "ዙሪያውን ክንድ ተኩል እንቆርጣለን፣ ይህን ጎን እንደገና እንጎነጉናለን።"

"በጣም ያጥራልኮ" አለ ታደለ።

"እኔስ አላጠርኩም?" አለች አክስቴ። "እንስማማለን።"

9 ሰዓት፣ አዲሱ ቦታ

ጉሙ ተገልጧል። እኔ ባትሪ እየያዝኩ፣ ወንዶቹ እየጎነጎኑ፣ የጥጃው ጥግ በቃጫ ታሰረ። ከዚያ ዘንጎች አሳልፈው ግማሾቹ ውስጥ፣ ግማሾቹ ውጭ ሆነው "ሆ" ሲሉ ቤቱ ተነሳ። ከሥሩ እግር ብቻ ይታይ ነበር፤ ቦት ጫማ፣ ኮንጎ ጫማ፣ ባዶ እግር። ቤቱ በስድሳ እግር በእንሰቱ መሃል ሲሄድ አክስቴ ከኋላው "ቀስ፣ ቀስ" እያለች እንደ ታማሚ ሸኘችው።

ተቀመጠ። ታደለ ስለ ቆርቆሮ ቤቱ አላነሳም፤ የእናቱን አልጋ ራሱ ተሸክሞ አስገባ።

አክስቴ ልትገባ በሩ ላይ አጎነበሰች። እንዳትደናቀፍ ብዬ ከኋላዋ አበራሁ።

"አጥፊው ልጄ" አለች ከውስጥ። "የባትሪሽን ድንጋይ አትጨርሺ። ቤቴን በጨለማ አውቀዋለሁ።"

አጥፍቼ ውጭ ቆምኩ። ዕቃ ስታነሳ፣ ስታስቀምጥ ይሰማኛል፤ አንዴም አልተደናቀፈችም።