የማለ ሰው ሳህን

ለሽምግልና የተጠራሁት በዕድሜዬ እንዳይመስላችሁ። ሁለቱን እውነተኛ ሽማግሌዎች ከቤድፎርድ ከተማ ሜስኪት ከተማ ድረስ የሚያደርስ ሰፊ መኪና ስላለኝ ነው። ሦስተኛው ሰው ቀረና ሹፌሩ ሽማግሌ ሆነ።

ባልና ሚስት ተጣልተዋል። እሱ ቤቱን ጥሎ ወጥቷል፤ እሷ በእሱ በኩል ያገኘችው የሁለት ዓመት የመኖሪያ ፈቃድ፣ ግሪን ካርዷ፣ ደግሞ ሊያልቅ ነው። የኢሚግሬሽን ኢንተርቪው ላይ አብሯት ካልቀረበ ፋይሏ ሊዘጋ፣ በመጣችበት ልትመለስ ትችላለች። እሷ ጠበቃ ይዤ ብቻዬን ላመልክት ስትል የሽማግሌዎቹ ፊት ተለዋወጠ። የትዳርን ገመና ፈረንጅ ፊት ማውጣት ነውር ነው ተባለ።

ባልየው መጽሐፍ ቅዱስ አነሳ። አንደኛው ሽማግሌ "እኛ አማኞች አንምልም፣ ቃልህ ይበቃል" ሊሉት ሞከሩ፤ አልሰማቸውም። እጁን ጭኖ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ "ባልቀርብ ፈጣሪ ይፍረድብኝ" ብሎ ማለ። አንጀቴን በላው። ወደ እሷ ዞሬ "በቃ፣ ጠበቃ ምን ያደርግልሻል? እኛ አለን" አልኳት። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፣ ሌሎቹ አይደሉም።

የኢንተርቪው ቀን ጠዋት ደወለችልኝ።

"ጋሼ፣ ሊጠሩኝ ነው፤ እሱ የለም። ስንት ጊዜ ኮል አደረኩለት፣ አያነሳም!"

እኔም ደወልኩለት። አላነሳም፤ ሳይቀርብም ቀረ። ፓርኪንግ ውስጥ መኪናዬን ተደግፌ ቆምኩ። ሰው በዚያ እንባ ምሎ እንዲህ ያደርጋል? ስንት ነገር አይቻለሁ የምል ሰው እንደ ሕፃን ደነገጥኩ።

በዚያው ሳምንት ኮሌጅ ነበርኩ። ዲግሪዬን ለመጨረስ አንድ ክላስ ጎድሎኝ፣ ከኤርፖርት ሺፍቴ ጋር የማይጋጭ የተገኘው ስለ ጥንት አይስላንድ ተረኮች የሚያስተምረው ብቻ ነበር። ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ገበሬዎች ሲጣሉ፣ ሲታረቁ፣ ቀለበት ይዘው ሲምሉ ነው ነገሩ ሁሉ። አስተማሪዋ ንጉሥም ፖሊስም እስር ቤትም አልነበራቸውም አለች።

"ታዲያ የእርቅ መሐላ ያፈረሰውን ማን ይቀጣዋል?" አልኩ፣ እጄን ሳላወጣ።

"ሰዉ ራሱ" አለችኝ። ሸንጎው የፈረደበትን ሰው ማንም አያበላውም፣ ማንም አያሳድረውም። ያበላው ሰው ራሱ ጥፋተኛ ነው።

ክው አልኩ። የእኛም ሽምግልና እኮ ፖሊስ የለውም! ፊት ከመንሳት ሌላ ምን አለን? ወደ ቤቴ ስነዳ፣ ያንን ሰው ዓይኑን እንኳ እንደማላየው ብቻዬን እየጮህኩ ዛትኩ። ደስም አለኝ፤ ፍርድ የሰጠሁ መሰለኝ።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ምሳ የማቅረብ ተራው የእኔ ነበር። አልጫው ድስት ፊት ጭልፋ ይዤ "ተባረክ፣ ተባረኪ" እያልኩ ሳህን እሞላለሁ። ሰልፉ ረጅም ነው፣ የማየው ሳህን ብቻ ነው። አንዱ ተዘረጋ፤ ጨለፍኩለት።

"ልጨምርልህ?" አልኩት።

"ይባረኩ ጋሼ፣ ይበቃኛል።"

ቀና ስል እሱ ነው። ፈገግ ብሎ አለፈ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ወንበር ስበው መሃላቸው አስቀመጡት፤ አንደኛው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። ማንም ቀና ብሎ አላየም። ዛቻዬ አንድ ሳምንት እንኳ አልሞላውም!

ቀጥሎ የተዘረጋው ሳህን የእሷ ነበር። ለካ ከኋላው ቆማ ሁሉንም አይታለች፤ "ልጨምርልህ" ስለውም ሰምታለች። ጭልፋውን አነሳሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩት። "እህቴ..." አልኳት።

ባዶ ሳህኗን ካልተነኩት ሳህኖች ላይ መልሳ ደረበችው።

"ጋሼ" አለችኝ ቀስ ብላ፣ "ያን ዕለት 'እኛ አለን' ብለውኝ ነበር። እነማን ናችሁ?"