ከብት የሌለበት ገጽ

የስደት ታሪኩን የሚያወራ ሰው ሁሉ ከቤቱ የወጣው በሌሊት ነው። እኔ ከጂንካ የወጣሁት ቀን፣ በስምንት ሰዓት፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። በሌሊት ልወጣ አስቤ ነበር፤ የምሳፈርበት አይሱዙ ግን ጎማው ፈንድቶ ቀይ አፈር ከተማ አደረና በማግስቱ ረፋድ ላይ ደረሰ። በድብቅ ሊሸኙኝ የነበሩ ዘመዶቼ ምሳ በልተው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ በአደባባይ ሸኙኝ። ለምን እንደወጣሁ ባጭሩ ልናገር። የሬዲዮ ዘጋቢ ነበርኩ። አንድ ዜና ሠራሁ፤ ዜናው ትክክል ነበር፤ ትክክል መሆኑ አልጠቀመኝም። ከዚህ በላይ ለዚህ ጽሑፍ አያስፈልግም።

ልጄ ፍሬ ሦስት ዓመቷ ነበር። እናቷ ካረፈች ዓመት አልፏል። ለታላቅ እህቴ ለእትዬ አልማዝ ነው የተውኳት። መኪናው ጥሩምባ ሲነፋ ፍሬ የማስታወሻ ደብተሬን ዘቅዝቃ ይዛ ደጃፍ ላይ ተቀምጣለች።

«ደብተሬን ስጪኝ፣ ልሄድ ነው።»

«ቆይ፣ አንብቤ ልጨርስ።»

«ማንበብ ሳትማሪ እመለሳለሁ» አልኳት። ማንም አላስገደደኝም። አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ነበር።

በወይጦ፣ በኮንሶ፣ በያቤሎ አድርጌ ሞያሌ፤ ከሞያሌ ናይሮቢ። ናይሮቢ ሁለት ዓመት ቆይቼ ስዊድን ተቀበለችኝ። መንገዱ ላይ ያየሁት ብዙዎቻችሁ ካያችሁት ስለማይብስ አላበዛውም።

አሁን የምኖርባት ከተማ ትንሽ ናት። ጂንካ ዝናብ ሊመጣ ሲል ቀድሞ ይናገራል፤ ነፋሱ አለ፣ የአፈሩ ሽታ አለ፣ ቆርቆሮው ላይ ጠብ ጠብ ይላል። እዚህ በረዶው ምንም ሳይል ነው የሚወርደው፤ ጠዋት መስኮት ስትከፍቱ ሁሉም ነገር አልቆ ትደርሳላችሁ። እኛ ግቢ ለቃሚ አጥቶ ከዛፉ ሥር የሚበሰብሰው አቮካዶ እዚህ አንድ በአንድ ይሸጣል፤ ድንጋይ ነው፣ አምስት ቀን ጠብቃችሁት በስድስተኛው ይጠቁራል። አማቼ ቤት በቅል የምጠጣው ሸፈሮ፣ ያ የቡና ገለባ ፍል፣ በሕልሜ መጥቶ ያውቃል። እዚህ የቡና ገለባ ለምን እንደሚጠጣ ማስረዳት ጀምሬ ትቼዋለሁ።

የሰዉ ጠባይም ግራ ነው። በገባሁ በወሩ አከራዬ በሬን አንኳኩ። ሽማግሌ ናቸው፤ ወረቀት ይዘዋል። የሕንፃው ሰው ሁሉ በተራ የሚጠቀምበት የልብስ ማጠቢያ ክፍል አለ፤ ትቬትስቱጋ ይሉታል።

«ማክሰኞ በሦስት ሰዓት ልብስ አጥበሃል።»

«አዎ።»

«የማክሰኞ ሦስት ሰዓት የአንተ አይደለም።»

«ክፍሉ ውስጥ ማንም አልነበረም እኮ።»

«ማንም ባይኖርም የሌላ ሰው ነው።»

በእኛ አገር ባዶ የሆነ ነገር ለደረሰ ሰው ነው። እዚህ ባዶውም ባለቤት አለው። ይህን ለመልመድ ከቋንቋው ይልቅ ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል።

መኖሪያ ፈቃድ እንዳገኘሁ ፍሬን ለማምጣት አመለከትኩ። ጉዳዬን የያዘው ሹም በቋንቋቸው ሃንድሌጋሬ ይባላል፣ ጉዳይ ያዥ እንደ ማለት ነው፤ ወጣት ነው፣ ትሑት ነው፣ ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም። አንዲት አስተርጓሚ መካከላችን ተቀምጣለች።

«ከልጅዎ ጋር ግንኙነት እንዳለዎት የሚያሳይ ማስረጃ አለ ወይ ይላሉ።»

ፍሬ የላከችልኝን ሥዕል አወጣሁ። ሹሙ አገላብጦ አየው።

«ይህ ላም ነው ይላሉ።»

«በሬ ነው።»

«እርስዎን የሣለችበት የለም ወይ ይላሉ።»

«በሬው እኔ ነኝ።»

አስተርጓሚዋ ዞራ አየችኝ። «ጋሼ፣ እንዲህ ብዬ ልተርጉመው?»

«ተርጉሚው፤ እውነት ነው።»

እውነት ነበር። የፍሬ እናት የቀይ አፈር ልጅ ናት፣ ብሔረሰቧ በና። በበናዎች ዘንድ ወንድ ከስሙ ሌላ በሚወደው በሬ መልክ ይጠራል። እኔ በና ባልሆንም፣ አማቼ አቶ ወሌ ልጃቸውን ሲሰጡኝ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት አንድ ቦቃ በሬ መርጠው በእሱ መልክ ሲጠሩኝ ኖረዋል። ፍሬም አባቷን ሣለች። ሹሙ ረጅም ነገር ጻፈ። ምን እንደጻፈ እስከ ዛሬ አላውቅም። ስንነሳ ግን «ውሳኔው ምናልባት በሚያዝያ» አለ። እኔ ያን ዕለት ማታውኑ ደውዬ ለፍሬ «በሚያዝያ ትመጫለሽ» አልኳት። «ምናልባት» የሚለውን ቃል አልነገርኳትም። አንድ ሙሉ ወር እትዬ አልማዝን በየጠዋቱ «ሚያዝያ አለቀ?» እያለች ጠየቀቻት። አለቀ። ደብዳቤ አልመጣም።

በዚያው ዓመት መስከረም እትዬ አልማዝ ደወለች። «ፍሬ አንደኛ ክፍል ገባች፤ ፊደል ጀምራለች። መጽሐፍ ላክላት።»

ቀላል ነገር መስሎኝ ነበር። በሥራ ዘመኔ ለአንድ ወሬ ሦስት ሰው ሳልጠይቅ አልጽፍም ነበር፤ ለዚህም እንደዚያው አደረግሁ። መጀመሪያ ጌታቸውን ጠየቅሁ። የአርባ ምንጭ ሰው ነው፣ እዚህ አውቶቡስ ይነዳል።

«ስዊድንኛውን ላክላት እንጂ! ልትመጣ አይደል? መጥታ እንደገና ከሀ ልትጀምር ነው?»

«ባትመጣስ?»

«ጋዜጠኛ ሁሉ ሟርተኛ ነው!»

እትዬ አልማዝን ጠየቅሁ። «ወንድሜ፣ ልጅቷ ያለችው እዚህ ነው። ትምህርት ቤት አማርኛ ነው፣ ሰፈር ውስጥ ከአሪ ልጆች ጋር አርኛ ነው። አማርኛ ላክ። መጽሐፍ ካጣህ ደግሞ ራስህን ላክ።»

አቶ ወሌን ጠየቅሁ። ማንበብ አይችሉም፤ ግን አያቷ ናቸው፣ ትምህርት ሲዘጋም ፍሬ እሳቸው ዘንድ ናት።

«በናኛ መጽሐፍ አለ?» አሉኝ።

«ፈልጌ አላገኘሁም፣ አባባ።»

«እንግዲህ ከብት ያለው ይሁን። ከብት ካለው እኔም አግዛታለሁ።»

ሦስት ምንጭ፣ ሦስት መልስ። ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። የአማርኛው መደርደሪያ ላይ አራት መጽሐፍ አለ፤ አንዱ ስለ ስኳር በሽታ ነው፣ ሁለቱ የአዋቂ ልብ ወለድ ናቸው፣ አራተኛው የልጆች ነው ግን ፊደሉ ለእኔም በመነጽር ነው። ለጀማሪ አንባቢ ፊደሉ ትልቅ፣ ዐረፍተ ነገሩ አጭር፣ ሥዕሉና ጽሑፉ አንድ መሆን አለበት። ይህን ያህሉን አውቃለሁ። በየትኛው ቋንቋ ለሚለው ግን መልስ አልነበረኝም፤ ቋንቋውን መምረጥ ልጄ የት እንደምታድግ መወሰን መስሎ ታየኝ። ያንን የሚወስነው ደግሞ እኔ አይደለሁም።

በመጨረሻ ስለ ከብት የሚያወራ የስዊድን የልጆች መጽሐፍ ገዛሁ። በየገጹ አንድ ላም፣ ከሥሯ አንድ ዐረፍተ ነገር። ነጭ ወረቀት በቀጭኑ እየቆረጥኩ፣ በእጄ በትልቁ አማርኛ እየጻፍኩ፣ በስዊድንኛው ላይ ለጠፍኩበት። «ላሟ ሳር ትበላለች።» «ላሟ ውኃ ትጠጣለች።» ወደ መጨረሻው ከብት የሌለበት ገጽ አለ፤ ነጭ ሜዳና የተዘጋ በረት ብቻ። እዚያ ላይ «ዛሬ በረዶ ነው። ላሞቹ ቤት ናቸው።» ብዬ ለጠፍኩ። የመጨረሻው ገጽ ላይ የበረቱ በር ክፍት ነው፣ ሜዳው አረንጓዴ ነው፣ ጽሑፉ በሚያዝያ ላሞቹ ይለቀቃሉ ይላል። እሱን ሳልለጥፍበት ተውኩት። ለጌታቸው «ስዊድንኛውንም ትየው ብዬ ነው» አልኩት። እውነቱ ሚያዝያ የሚለውን ቃል እንደገና ለልጄ ለመጻፍ እጄ እንቢ ማለቱ ነው።

መጽሐፉ ወደ አገር ቤት በሚሄድ ሰው ሻንጣ ሄዶ፣ አዲስ አበባ ተቀምጦ፣ ጂንካ የደረሰው ትምህርት ሊዘጋ ሲል ነው። ፍሬ ይዛው ቀይ አፈር ወረደች። በሐምሌ ከአያቷ ቤት ደወለችልኝ።

«አባዬ፣ አነባለሁ! ስማ። ይህች ቡሬ ላም ናት። እናቷ ዳልቻ ነበረች። ሁለት ጊዜ ወልዳለች፣ ሁለተኛው ሞቶባታል። ወተቷ ጥሩ ነው ግን ትራገጣለች…»

እንባዬ መጣ። እኔ የጻፍኩት «ላሟ ሳር ትበላለች» የሚል ብቻ እንደነበር የታወሰኝ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው። ታውሶኝም ዝም አልኩ። በዚያው ሳምንት ከሃንድሌጋሬው የመጣ ደብዳቤ ልጅቷን ከሩቅ እንዴት እንደማሳድግ ይጠይቅ ነበር፤ «መጽሐፍ እልክላታለሁ፤ ማንበብ ችላለች» ብዬ ጽፌ ፈረምኩበት።

ሁለት ቀን አልተኛሁም። በሦስተኛው ደወልኩ።

«ፍሬዬ፣ ነጩን ገጽ አንብቢልኝ። በረቱ የተዘጋበትን።»

ከኋላዋ ፍየል ሲጮህ ይሰማኛል።

«እዚህ ገጽ ላይ ከብት የለም» አለች።

«ጽሑፍ ግን አለ።»

«ከብት ከሌለ ምን ይነበባል?»

አቶ ወሌ ስልኩን ተቀበሏት። «የልጅ አባት፣ ምን አድርገህ ነው ያኮረፈችው? ልጅቷ ጎበዝ ናት። አንድ ጊዜ የነገርኳትን አትረሳም።»

«እርስዎ ነዎት የነገሯት?»

«አንተ የማን ከብት እንደሆነ ሳትነግረን ላክህ። እኔ መልኩን አይቼ ነገርኳት። ግን ቀንዳቸው የት ሄደ? ጆሮው ላይስ ያለው ቢጫ ምንድን ነው?»

«ቁጥር ነው፣ አባባ። እዚህ ከብት ሁሉ ቁጥር አለው።»

«እኛም ጆሮ እንቆርጣለን፤ ባለቤቱ እንዲታወቅ። ስሙስ?»

«ብዙዎቹ ስም የላቸውም። በቁጥሩ ነው የሚታወቁት።»

«አንተንስ? ቁጥር ሰጥተውሃል?»

«ሰጥተውኛል።»

«ኧረ!» አሉ።

በማግስቱ ሹሙ ጋ ደወልኩ፤ አስተርጓሚዋም መስመሩ ላይ አለች። ማስተካከያ እንዳለኝ ነገርኩት፤ ሬዲዮ ላይ ስንሳሳት እንደምናደርገው።

«ልጄ ማንበብ አልቻለችም። ያነበበችው ከብቱን ነው።»

«ከብቱን ማንበብ ሲሉ ምን ማለትዎ ነው ይላሉ።»

አስረዳሁ። የላሞቹን መልክ፣ የአያትየውን ዕውቀት፣ ነጩን ገጽ። ሹሙ እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«ታዲያ ማንበብ ትችላለች ወይስ አትችልም? ቅጹ ላይ ያለው ሁለት ሳጥን ነው ይላሉ።»

«አላውቅም» አልኩ። የትኛው ሳጥን ላይ ምልክት እንዳደረገ አልነገረኝም። «ውሳኔውስ?» ብዬ ስጠይቀው «ምናልባት በሚያዝያ» አለ። የትኛው ዓመት ሚያዝያ ብዬ ልጠይቅ ብዬ ተውኩት።

እዚህ በረዶው ገባ። ፍሬ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ስለ መጽሐፉ እኔም አልጠይቃት፣ እሷም አታነሳው። አንድ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ በእትዬ አልማዝ ስልክ ደወለች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፤ ወረቀት ሲገለጥ ሰማሁ።

«ዛ… ሬ። ዛሬ። በ… ረ… ዶ። በረዶ ነው። ላ… ሞ… ላሞቹ። ቤት። ቤት ና… ቸው።»

ቆመች። ትተነፍሳለች፤ ዳገት የወጣች ትመስላለች። ይኸው፤ ማንበብ ተማረች። እኔም አልተመለስኩም።

«አባዬ፣ አለህ?»

«አለሁ። ጎበዝ። ጎበዝ፣ የኔ ልጅ።»

«ቆይ፣ አንድ ገጽ ቀርቷል። በሩ ክፍት ነው፤ ከብት የለም። ፊደሉ ግን የኛ አይደለም። ምን ይላል?»

በመስኮቱ በኩል አከራዬ በመንገዱ ላይ ያለውን በረዶ በአካፋ ሲጠርጉ ይታዩኛል።

«ላሞቹ ይለቀቃሉ ይላል።»

«መቼ?»

«መቼ እንደሆነ አልተጻፈም» አልኳት። በሥራ ዘመኔ ያልተጻፈውን ተጽፏል ብዬ አላውቅም። የተጻፈውን አልተጻፈም ያልኩት ግን ያን ቀን ነው።

«ረጅም እኮ ነው» አለች፤ ፊደሎቹን በጣቷ እየቆጠረች መሰለኝ። «ላሞቹ ይለቀቃሉ ብቻ ከሆነ ለምን ይሄን ያህል ይረዝማል?»

«ቋንቋው እንደዚያ ነው።»

«እሺ። አባባ ወሌን እጠይቀዋለሁ። እሱ ፊደሉን ባያውቅም፣ ከብት መቼ እንደሚወጣ ያውቃል።»