ቅቤ የተቀባችው ሾላ

በኢሕአዴግ ጊዜ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ቀበሌው ችግኝ ያስተክለናል፤ በሥራ ቀን ደግሞ እኔ በደመወዝ ዛፍ አስቆርጣለሁ። ከሳሪስ አቦ ወደ ቃሊቲ የሚወስደው መንገድ ሊሰፋ ስለነበር፣ የሚቆረጡት ዛፎች ላይ በቀይ ቀለም ምልክት የማደርገው እኔ ነበርኩ።

አንዲት ትልቅ ሾላ ላይ ምልክት አድርጌ ሄድኩ። በማግስቱ ብመለስ ቀለሙ ተጠርጎ ግንዷ በቅቤ ወዝቷል። ለካ የሰፈሩ አድባር ናት። ሥሯ አንዲት አሮጊት ተቀምጠዋል።

«እማማ፣ ምልክቱን ምን አደረጉት?»

«ቁስሏን ነዋ ያሸሁላት። ያቆሰልካት አንተ ነህ?»

አፍሬ፣ «አለቃዬ ይቆጣኛል» እያልኩ እንደገና መቀባት ጀመርኩ። እሳቸውም ከጎኔ ቆሙ። እኔ ቀለም ስቀባ እሳቸው በቅቤ ይጠርጋሉ። መንገደኛው ቆሞ ይስቅብናል። በመጨረሻ ብሩሹን ቀስ ብለው ከእጄ ወሰዱና፣ «ና ልጄ፣ ፀሐዩ አናትህን አድርቆት ነው እንጂ አንተስ ክፉ አይደለህም» ብለው የተረፈውን ቅቤ አናቴ ላይ አደረጉልኝ። እናቴ ከሞተች ወዲህ አናቴን የዳሰሰ ሰው አልነበረም። ጎንበስ ብዬ ተቀባሁ።

ወዲያው የአለቃዬ መኪና መጥታ ቆመች። ቁጡ ሰው ነው። ያን ቀን፣ ከወትሮው ውጪ፣ ባርኔጣ ደፍቷል። ቅቤው በግንባሬ እየወረደ ደርቄ ቀረሁ። እኔን አየ፤ ዛፏን አየ።

«ይቺን ተዋት፤ መንገዱ ዞር ብሎ ያልፋል» አለኝ።

«እንዴት?» ስለው፣ አሮጊቷን በቆረጣ አየት አድርጎ ባርኔጣውን አወለቀ።

ከእኔ የባሰ ተቀብቷል።